የኬራና ግድግዳ ሐረግ

በጎርና ሊፓ መንደር፣ ከኬራና ግድግዳ ሐረግ ሳይቆረጥላት የተዳረች ልጃገረድ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ብቻ ናት። እሷም ከአንድ ወታደር ጋር የኮበለለች ስለሆነች መንደሩ ከቁጥር አያስገባትም፤ ትዳሯ ከሁሉም የሰመረ መሆኑን የሚያነሳም የለም።

ሐረጉ በአገሩ አጠራር ብረሽሊያን ይባላል። በረዶ ተጭኖት እንኳ አረንጓዴነቱን የማይለውጥ፣ በጥቃቅን ጥፍሮቹ ድንጋይ እየቧጠጠ የሚወጣ፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ተክል ነው። ኬራና ከሦስት ሸለቆ ማዶ ሙሽራ ሆና በመጣች ጊዜ፣ ከገዛ አክሊሏ ላይ አንዲት ዘለላ ነጥላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በልብስ ሣጥኗ ሥር ደብቃ ነበር። አማቷ ሣጥኑን ከፍታ ፎጣውንና ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ እያነሳች ከመረመረች በኋላ ያንን እርጥብ ጥቅል አገኘች።

«እኔ እኮ ፍየል የምታመጪ መስሎኝ ነበር፤» አለች አማት።

ዘለላዋ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ተተከለች። ፍየል ብትሆን ኖሮ ስድስተኛ ዓመቷን ማየቷ ያጠራጥራል፤ ሐረጉ ግን በስድስተኛው ዓመት ጣራው ጋ ደርሶ፣ ሁለቱን መስኮቶች እንደ ሥዕል ክፈፍ ከብቦ፣ የመጀመሪያዋን ሙሽራ እናት ወደ በሩ ጠራ።

ሥርዓቱ አጭርና ግትር ነው። የሙሽራ አክሊል የሚጎነጎነው ባልና ሚስቱ ሁለቱም በሕይወት ካሉበት፣ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ካላዩበት ቤት በተቆረጠ ሐረግ ነው። ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ሚስት መሰላል ላይ ትወጣለች፤ ባል መሰላሉን ይይዛል፤ እግሯ ተመልሶ መሬት እስኪነካ ድረስ አንዳቸውም ቃል አይተነፍሱም። ከዚያ ሐረጉ በቀይ ክር እየታሰረ ይጎነጎናል፤ በማግሥቱ ሙሽራዋ ደፍታው ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። ከሐረጉ ጋር የቤቱ ዕድል አብሮ ይተላለፋል ተብሎ ይታመናል። ባልና ሚስቱ ይዋደዱ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ሥርዓቱ ያን ያህል ጨካኝ አይደለም።

ኬራናና ባሏ ትሬንዳፊል ይዋደዱ ነበር፤ ሆኖም ይህን አንዳቸውም ለሌላው በግልጽ ተናግረው አያውቁም። ትሬንዳፊል የኅብረት እርሻው የትራክተር ነጂ ነበር። ከሞተሩ ድምፅ በላይ ማውራት የለመደ ሰው፣ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ተስኖት ቀረ። ከእንቅልፉ ሲነቃ ይጀምራል፤ ሾርባውን እየጠጣ ይቀጥላል፤ ተኝቶም የጀመረውን የሚጨርስበት ጊዜ አለ። መሰላሉን ይዞ በሚቆምባቸው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ጸጥ ይላል። ኬራና ከላይ ሆና ቁልቁል ስትመለከተው፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ጉንጩ ባልተነገረ ቃል ተነፍቶ፣ ዐይኖቹ በእግሮቿ ላይ ተተክለው ታገኘዋለች። ሁሉም ሙሽሮች አንድ በአንድ ከመንደሩ ወጥተው ከሄዱ በኋላም እሷ ያስቀረችው ይህን ነበር።

ለሐረጉ ዋጋ አይከፈልም። የሙሽራዋ ቤት አንድ ዳቦና በእጅ የተሠራ አንድ ጥንድ ካልሲ ይልካል። ስለዚህም ትሬንዳፊል በሕይወቱ ካልሲ ገዝቶ አያውቅም፤ አንዳንዴም በስካር ሰዓት «የዚህ መንደር ልጃገረዶች ባያገቡ ኖሮ እኔ በባዶ እግሬ ነበርኩ» እያለ በዚህ ይመካ ነበር።

ልጅ አልወለዱም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶች ስለዚህ ነገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር፤ ኋላ ላይ ማውራቱን ተዉት። የመንደሩ ልጅ ሁሉ የሚያስለው በእነሱ ኩሽና ውስጥ ሆነ። ኬራና ከሐረጉ ለጋ ቅጠል ሦስት፣ ከዚያ አልፎ አንድም ሳትጨምር፣ ቀቅላ አጥልላ ከማር ጋር አዋህዳ በትንሽ ማንኪያ ታጠጣለች፤ በማግሥቱ ደረት ይለቃል። እግሩ ላይ እንደ ጠጠር የጠነከረ ቆዳ የበቀለበት ገበሬ በሆምጣጤ የሰነበተ ቅጠል ታስርለታለች። ጥቁሩን ፍሬ ግን ወፍ እንጂ ሰው አይቀምሰውም፤ እጁን ወደ ፍሬው የዘረጋ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጣል። በዚህም ምክንያት በጎርና ሊፓ ያደገ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር አይረሳም፤ የማሩን ጣዕምና የቁንጥጫውን ቦታ። ልጆቹ እሷን «ባባ»፣ ባሏን «ዲያዶ» እያሉ በአያት ስም መጥራት ሲጀምሩ ገና አርባ ዓመቷ ነበር። ቅር ብሏት ሊሆን ይችላል፤ ማሩን ግን አልቀነሰችባቸውም።

በየካቲት ወር ትሬንዳፊል አሳለው።

ኬራና ቀቀለች፣ አጠለለች፣ ማሩን ጨመረች። ሐኪሙ ከከተማ መጥቶ ደረቱን ካዳመጠ በኋላ ሥራው የቅጠልም የማርም እንዳልሆነ በሩ ላይ ቆሞ በለሆሳስ ነገራት። ትሬንዳፊል ግን በየማለዳው ማንኪያውን ልሶ፣ «ይኸውልሽ፣ ዛሬ ለቀቀኝ፤ እጅሽ መድኃኒት ነው፤» ይላት ነበር። ብዙ የሚያወራ ሰው መዋሸት አይሆንለትም፤ አንዱን ውሸት በሌላው ያጋልጠዋል። ይህን ውሸት ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሳያጋልጥ ይዞት ሄደ።

ከአርባው ጸሎት በኋላ ኬራና የሐዘን ጥቁሯን ለብሳ፣ መሰላሉን ከግድግዳው አንስታ ግምጃ ቤት አስገብታ፣ ጎረቤቷን ጼናን ጠርታ፣ «ግድግዳው ተዘግቷል፤» አለቻት። ጼና ነገር ለማዳረስ ከደወል የማታንስ ሴት ስለሆነች ሌላ ሰው መጥራት አላስፈለገም።

በሰኔ የጼና የልጅ ልጅ ራሊጻ ከከተማ መጣች። ራሊጻ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በፋርማሲ ትሠራለች። በልጅነቷ ከሳል ሁሉ የከፋው የእሷ ነበርና፣ ከማሰሮው ማር ግማሹን የጨረሰችው እሷ ናት። አግዳሚው ላይ ከኬራና አጠገብ ተቀምጣ ከቦርሳዋ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ አወጣች። በላዩ ላይ የሐረጉ ቅጠል ሥዕል አለበት።

«ባባ ኬራና፣ ይህን ያውቁታል? እኛ ጋ እንዲህ በጠርሙስ ነው የሚሸጠው።»

ኬራና ጠርሙሱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ቅጠሉን የሣለው ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ? ጣዕሙስ?»

«የቼሪ።»

«ሐረጉ ምን አጥፍቶ ነው ቼሪ የሚያደርጉት?»

ራሊጻ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ሰብስባ ጉልበቷን በሁለት እጇ አቀፈች። «መስከረም ላይ ላገባ ነው።»

«ማንን?»

«ካመን የሚባለውን ልጅ ነዋ። ያውቁታል።»

«የማውቀው ብስክሌት የነበረውን ነው።»

«ያው እሱ ነው። አሁን መኪና አለው።»

«እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። በብስክሌትም አጥር ያፈርስ ነበር።»

ንብ በግድግዳው ላይ ትዞራለች። ራሊጻ ቀና ብላ ቅጠሉን ተመለከተች፤ ልትጠይቅ የመጣችበትን ነገር ኬራና አውቃዋለች፤ ማወቋንም ራሊጻ አውቃለች።

«ተዘግቷል ልጄ። ጼና አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች። ግድግዳ እንዴት ይዘጋል?»

«ባል ሲሞት ይዘጋል። የመበለት ሐረግ ሙሽራ ራስ ላይ አይወጣም።»

«እኔ በዚህ አላምንም።»

«እኔ ግን አምናለሁ፤ የምትወስጂው ደግሞ ከእኔ ነው።»

«ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እኮ እዚህ መሰላል ሥር ቆሜ ነው ያደግሁት። እያንዳንዷን ሙሽራ እየቆጠርኩ፣ ተራዬ መቼ ይደርሳል እያልኩ። ዲያዶ ትሬንዳፊል ራሱ፣ ‹ላንቺ ጊዜ እንኳ አንድ ቃል ላለመተንፈስ ቃል ገባሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ቃሉን ጠብቋል፤» አለች ኬራና፣ ወደ ግምጃ ቤቱ በር እያየች። «አሁን አንድም ቃል አይተነፍስም።»

ራሊጻ እጇን ያዘቻት። ኬራና እጇን አልነጠቀቻትም፤ ነገር ግን ቃሏንም አላጠፈችም። ሐረጉን የምትከለክለው ስለማትወዳት አልነበረም። የየካቲትን አሥራ አንድ ማለዳዎች፣ ያንን ማንኪያ፣ ያንን «ለቀቀኝ» የሚል ድምፅ፣ በቀይ ክር አስራ በዚህች ልጅ ራስ ላይ መጣል መስሎ ስለታያት ነው። ከመንደሩ ልጆች ሁሉ መካከል ደግሞ በዚህች።

በሐምሌ አጋማሽ የካመን እናት ከከተማ ካርቶን ላከች። ጼና ይዛው ወደ ኬራና ግቢ መጥታ ክዳኑን ገልጣ አግዳሚው ላይ አኖረችው። ውስጡ የፕላስቲክ ሐረግ አክሊል አለ፤ አረንጓዴው ከእውነተኛው ይልቅ አረንጓዴ ነበር።

«አንብቢው እስቲ፣ ጥጉ ላይ የተጻፈውን፤» አለች ጼና።

ኬራና መነጽሯን አደረገች። «‹በሞቀ ውኃ ይታጠባል። ተደጋግሞ ያገለግላል።›»

«ተደጋግሞ፤» አለች ጼና። «ለሁለተኛው ባል ማለታቸው ነው? ለሦስተኛው? እኔ ይህን ነገር የልጅ ልጄ ራስ ላይ ከማይ ራሷን ተላጭታ ብትዳር እመርጣለሁ።»

«ሌላ ቤት ፈልጊላታ።»

«ፈለግሁ እኮ!» ጼና ጣቶቿን ዘርግታ ቆጠረች። ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች ሃያ ሦስት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱ የመበለት ወይም የወንደላጤ ናቸው። ከቀሩት አምስት ሁለቱ ሁለተኛ ትዳር ነው። የሦስተኛው ቤት ባል ጣልያን አገር ሠራተኛ ስለሆነ በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው በስልክ ብቻ ነው። አራተኛዎቹ ከከተማ መጥተው ቤት የገዙ ሰዎች ናቸው፤ ተጋብተው እንደሆነ ሲጠየቁ «በመርሕ ደረጃ» ብለው መለሱ። «አምስተኛዎቹ፤» አለች ጼና፣ አውራ ጣቷን በመጨረሻ እያጠፈች፣ «ዶብሪና ሚስቱ ቬሊካ ናቸው።»

ኬራና ለመጀመሪያ ጊዜ ከየካቲት ወዲህ ፈገግ ልትል ቃጣት።

ዶብሪና ቬሊካ ከኬራና ግቢ ጀርባ፣ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ሃምሳ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ከሃምሳው ውስጥ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ግን በቀጥታ አልተነጋገሩም። የጠቡ መነሻ አንድ በርሜል በጨው የተዘፈዘፈ ጎመን ነበር ይባላል፤ ማን ጨው እንደረሳ እስካሁን አልተወሰነም። ለቤቱ አስፈላጊ የሆነው ነገር ሁሉ በድመቷ በኩል ይተላለፋል። «ንገሪው፣ ሾርባው ቀዝቅዟል፤» ትላለች ቬሊካ ለድመቷ። «ንገሪያት፣ መቼ ሞቆ ያውቃል፤» ይላል ዶብሪ ለዚያችው ድመት። ድመቷ ሁለቱንም እኩል ታዳምጣለች፤ ለአንዱም አታደላም።

«ለዝምታውስ ከእነሱ የተሻለ የለም፤» አለች ኬራና። «ግን እነሱ ቤት ሐረግ የለም።»

«ወጥተሽ የዶብሪን ጎተራ ጣራ አይተሽዋል?» አለች ጼና።

አላየችም። ከየካቲት ወዲህ ወደ ግቢዋ ጀርባ አልዞረችም ነበር፤ ትሬንዳፊል ማታ ማታ ትንባሆውን የሚያጨሰው እዚያ ስለነበር። ጼና ካርቶኗን ይዛ ከሄደች በኋላ ቀስ ብላ በቤቱ ጥግ ዞረች። ሐረጉ ከምሥራቁ ግድግዳ ጣራውን ተሻግሮ፣ በአጥሩ ላይ አልፎ፣ የዶብሪን ጎተራ ክዳን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ዘንድሮ የበቀለው ለጋው ሁሉ፣ የሚያበራው፣ ለአክሊል የሚመረጠው፣ እዚያ ነው ያለው።

ነገሩ እንግዳ ነበር። ዶብሪ ለሠላሳ ዓመት በየጸደዩ፣ በጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ትልቁን መቀስ ይዞ ጎተራው ላይ እየወጣ ከአጥሩ ያለፈውን ሁሉ ሲመነጥር ኖሯል። ያን ቀን ትሬንዳፊል ከወዲህ፣ ዶብሪ ከወዲያ ሆነው የሚሰዳደቡትን ስድብ ለመስማት ሰው ወንበር ይዞ ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን ያልተጠራ ዘመድ፣ ያልተነሳ ጉድለት የለም፤ ከዚያ ማታ ሁለቱ ራኪያ የተባለውን አረቄ ይዘው አጥሩ ላይ ተደግፈው ይጠጣሉ።

ዶብሪ ጎተራው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍል ነበር።

«ዶብሪ፣ ዘንድሮ ለምን አልቆረጥከውም?»

«መቀሱ ዶልዱሟል።»

«ሠላሳ ዓመት ሳይዶለድም?»

ዶብሪ ሁለት ሦስት ባቄላ ፈለፈለ። አንዷ ከሳህኑ ውጭ ወደቀች፤ አላነሳትም። «ወጥቼ ነበር፤» አለ በመጨረሻ። «መቀሱንም ይዤ ወጥቼ ነበር። ብቆርጠው ማን ሊሰድበኝ ነው?»

ኬራና አጥሩን በእጇ ያዘች። የእንጨቱ ጫፍ በክንድ ብዛት ለስልሶ ነበር።

«ጼና አናግራኛለች፤» አለ ዶብሪ፣ ዐይኑን ከባቄላው ሳያነሳ። «ለልጅቷ ከዚህ ይቆረጥ ትላለች። እኔ እሺ ብያለሁ። ድመቷም እሺ የሚል መልስ አምጥታለች።»

«አይሆንም። ሥሩ የእኔ ነው። ሥሩ ያለው በመበለት ግቢ ነው።»

«ሥሩ?» ዶብሪ አሁን ቀና አለ። «ስሚ ኬራና፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ሥሩ የእናንተ ነው፣ ጣራዬን ያፈረሰው የእናንተ ሐረግ ነው ብዬ ስጮህ፣ ባልሽ ምን ነበር የሚመልስልኝ?»

ኬራና መልሱን በኩሽናው መስኮት ሠላሳ ጊዜ ሰምታዋለች።

«‹ከአጥር ወዲያ ያለፈው ያንተ ነው! ከፈለግህ ቁረጠው፣ ከፈለግህ ብላው!› መንደሩ ሁሉ ምስክሬ ነው። እኔ አንድም ቀን አልተቀበልኩትም፤ አህያ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ዘንድሮ ተቀበልኩት። የእኔ ነው። በእኔ ሐረግ ላይ አንቺ ምን አገባሽ?»

ኬራና ልትመልስ አፏን ከፈተች። ትሬንዳፊል በሕይወቱ ሳለ የተናገረውን ነገር ሁሉ ስትቃወም ኖራለች፤ ግማሹን እውነት ስለሌለው፣ ግማሹን ደግሞ ዝም ብላ እንዳትገኝ። አሁን ግን ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ በዶብሪ አፍ፣ በዚያው ከሞተር በላይ በሚያስተጋባ ድምፅ የተናገራትን ልትቃወም አቅም አነሳት።

«በራሳችሁ መሰላል፤» አለች በመጨረሻ። «እኔ አልነካውም። አንዲት ቅጠል አልነካም።»

መስከረም ደረሰ፤ የቅዳሜው ፀሐይ ከተራራው ብቅ ሲል በዶብሪ ጎተራ ሥር ቬሊካ ቀሚሷን አጥብቃ ታጥቃ ቆማለች፤ ዶብሪ መሰላሉን አስደግፏል። ጼናና ራሊጻ ዳር ቆመዋል፤ ከመንደሩ ሌሎች ሁለት አሮጊቶችም፣ ሥርዓቱ በትክክል መፈጸሙን ለማየት ነው ብለው ሳይጠሩ መጥተዋል። ኬራና ከራሷ አጥር ወዲህ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን በሽርጧ ሥር ደብቃቸዋለች።

ቬሊካ ወጣች። ከለጋው ዘንግ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆርጣ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከሁሉ የለመለመው አራተኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ነበርና ተንጠራራች፤ አንድ እግሯ ከመወጣጫው ተንሸራተተ።

«ቬልካ! ቀስ፣ ቀስ በይ። ይዤሻለሁ፤» አለ ዶብሪ።

ጎተራው ላይ የነበሩት ርግቦች እንኳ ጸጥ አሉ። ቬሊካ በአንድ እጇ ሐረጉን፣ በሌላው መሰላሉን ይዛ ቁልቁል ተመለከተችው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ መናገር በተከለከለባት ደቂቃ፣ በዚያ ላይ በልጅነት ስሟ ነው የጠራት። ዶብሪ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ መሰላሉን የጨበጡት እጆቹ ግን አልላሉም።

ቬሊካ ወርዳ እግሯ መሬት ነካ። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዷ ልትናገር ጉሮሮዋን ጠረገች። ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሐረጉ አይሆንም ለማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ኬራና መለሱ፤ ምክንያቱም አርባ አንድ ዓመት በዚህ ጉዳይ ዳኛዋ እሷ ነበረች። ራሊጻ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች።

ኬራና ዶብሪን አየችው። ቀጥላ ከጎተራው ደፍ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን ድመት አየቻት።

«ምን ሆናችሁ?» አለች። «ድመቷን እኮ ነው ያናገራት።»

ጉሮሮዋን የጠረገችው አሮጊት ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ ድመቷን ከሆነ ሌላ ነገር ነው ብላ ተስማማች። ዶብሪ መሰላሉን ተሸክሞ ሲሄድ ቬሊካ ከኋላው፣ «ጫፉ በሩን እንዳይመታው፤» አለች። ወደ ማን እንደተናገረች ለማጣራት የደፈረ ሰው የለም፤ ድመቷ ግን በዚያን ጊዜ ተኝታ ነበር።

መጎንጎኑ ሌላ ፈተና ሆነ። ቬሊካ ጎመን ትተክላለች፣ አሳማ ታርዳለች፤ ጣቶቿ ግን ለቀጭን ነገር አልተፈጠሩም። ኬራና ከባልዲዋ ሳትነሳ በአጥሩ ላይ ታዛት ነበር።

«ወፍራሙን ከሥር። አይ፣ ወደ ግራ። ቅጠሉን አትጨፍልቂው፣ የበግ ጠጉር አይደለም። አሁን ክሩን ሁለቴ አዙሪው።»

«ሁለቴ አዞርኩት።»

«ያ አንዴ ተኩል ነው።»

«አንቺ እጅሽን ከዚያ ሽርጥ ብታወጪው ኖሮ እስካሁን ጨርሰን ቁርስ እንበላ ነበር፤» አለች ቬሊካ።

ኬራና እጇን አላወጣችም። ጣቶቿ ግን በጥቁሩ ጨርቅ ሥር፣ ማንም በማያያቸው ቦታ፣ እያንዳንዷን ዙር ከቬሊካ ጣቶች ቀድመው ይዞሩ ነበር። አክሊሉ ከሰዓት በኋላ አለቀ። በአንድ በኩል ይሰፋል፤ በሌላው ይጠብባል፤ ከኋላው አንድ ዘንግ ሊያመልጥ የተዘጋጀ ይመስላል። ራሊጻ በሁለት እጇ ተቀብላ እንደ እንቁላል እየጠበቀች ይዛው ሄደች።

እሑድ ገና ሙሽራዋ ሳትደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ተጨናነቀ። መበለት በሠርግ ቀን ሙሽራ በምታልፍበት መንገድ ላይ አትቆምም፤ ኬራናም ቤቷ ቀረች። በሩን ገርበብ አድርጋ ከውስጥ ቆመች፤ ይህንን ሥርዓቱ አይከለክልም። ጋይዳ የሚባለውን ባለ አቁማዳ ዋሽንት የሚነፋውና ከበሮ መቺው ከሩቅ ተሰሙ፤ ቀርበው በግቢዋ ፊት ሊያልፉ ሲሉ ጫጫታው ባለበት ቆመ። የፕላስቲኩ አክሊል በካመን መኪና አፍንጫ ላይ ታስሮ በነፋስ ይወዛወዛል። የካመን እናትም እዚያ ላይ አምሮበታል እያለች ለሰው ሁሉ ትነግራለች።

ራሊጻ ከመኪናው ወርዳ ወደ በሩ መጣች። አክሊሉ ወደ አንድ ጆሮዋ ተንሸራትቷል፤ ያመለጠው ዘንግ ከአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ባባ ኬራና፣ ሊወድቅብኝ ነው።»

«ቬሊካን ጥሪያት።»

«ሁለት ጊዜ አስተካከለችው። ይኸው ምን እንዳደረገችው ያያሉ።»

«ልጄ፣ ሥርዓቱን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።» ራሊጻ ከደጃፉ ወዲያ ሆና ራሷን ዝቅ አድርጋ አቀረበች፤ አልገባችም፤ አልተመለሰችም። «በመንገድ ላይ ወድቆ ከሚረገጥ፣ እርስዎ ቢይዙት ይሻለኛል። እኔ የምፈልገው የዚህን ቤት ዕድል ነው። የመጨረሻውን አሥራ አንድ ቀንም ጨምሮ። አያቴ ነግራኛለች፣ ዲያዶ በየማለዳው ምን ይልዎት እንደነበር። ካመን እንደዚያ አድርጎ ቢዋሸኝ ምን ጎደለብኝ?»

ኬራና ደረቷ ላይ የታቀፈውን እጇን ፈታች። ያመለጠውን ዘንግ ይዛ ከጆሮ ኋላ አዞረችው፤ ከወፍራሙ ሥር አሳለፈችው፤ ክሩን ሁለቴ፣ ሙሉ ሁለቴ፣ አጠበቀችው። ከዚያ የልጅቷን ጉንጭ በአይበሉባዋ ዳሰሰችው።

ጼናና ሁለቱ አሮጊቶች ከመኪናው አጠገብ ቆመው ነበር፤ ከእነሱ ዐይን የሚያመልጥ ነገር በጎርና ሊፓ እስካሁን አልተፈጠረም። በዚያች ደቂቃ ግን ሦስቱም በአንድነት አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ሰማዩን እየመረመሩ፣ ዝናብ ሊመጣ ይችል እንደሆነ በጥንቃቄ ይነጋገሩ ነበር። በሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።